ቤቷን እንዳልረግጥ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ ይህ ግልጽ ይሁን፤ ነገ መልሼ ሳነበው እንዳይምታታብኝ። ከሃይማኖቴ አልወጣሁም። ግዝት አለብኝ እንጂ። ንስሐ አባቴ አባ ኃይለ መስቀል ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ "ከእኛ ተለይተው ከወጡት ጋር አትብሉ፣ አትጠጡ፣ ቤታቸውን አትርገጡ፤ በቃሌ አስሬያለሁ" አሉ። ሕዝቡ "አሜን" አለ። እኔም ብያለሁ።

ተለይተው ከወጡት አንዷ ተዋበች ናት።

ሌላው እንደ ወትሮው ነው። ልጄ ልዩ በጠዋት ወደ ዳላስ፣ ወደ ቢሮዋ ሄደች። ልብስ አጠብኩ። ምስር ጣድኩ። በጥቅምት እንዲህ ይሞቃል? እዚህ ዳላስ አጠገብ፣ ቤድፎርድ ከገባሁ ጀምሮ በየዓመቱ ይህንኑ እላለሁ። ከሰዓት በኋላ የተዋበችን መስኮት አየሁ። ከፓርኪንጉ ማዶ፣ ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ። መጋረጃው ተገልጧል። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እሄድላት ነበር።

አልሄድኩም።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ደወለች።

"ሰርኬ፣ ሞተሻል እንዴ?"

ነገርኳት። ሳቀች።

"እኔ መናፍቅ ሆኜ ነው? ቤተ ክርስቲያን በመኪናው ራይድ የሚሰጠኝ ታዲዮስ ነው። እሱ ተቆጥቶ ሲወጣ ምን ላድርግ? ሃይዌዩን በእግሬ ልመለስ?"

ታዲዮስ የወንድሟ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል።

"ስለ ፓትርያርኩ ግን ምን ታስቢያለሽ?" አልኳት።

"የትኛው ፓትርያርክ?"

ጠቡ እኮ በዚሁ ነው! በቅዳሴ የአገር ቤቱ ፓትርያርክ ስም ይጠራ ወይስ በስደት ያሉት... ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንድ እሑድ ስሙ ሲጠራ ግማሹ ሕዝብ ተነሥቶ ወጣ። አሁን አዳራሽ ተከራይተው በወር አንዴ ከሂውስተን ቄስ ያስመጣሉ። ተዋበች የወጣችው መኪናው ስለወጣ ነው። ይህን አባ ያውቃሉ? ቢያውቁስ ለውጥ አለው?

ካህን በምድር ያሰረው በሰማይም ይታሰራል፤ የሚፈታውም ያሰረው ራሱ ነው። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት። አያቴ ግዝት ከመብረቅ ይከፋል ትል ነበር።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ቃሉን ቁጭ ብዬ እንደ ፈተና ጥያቄ መረመርኩት። "አታነጋግሩ" አላሉም። "ቤታቸውን አትርገጡ" ነው ያሉት። ፓርኪንጉ የሁሉም ነው። ደረጃውም የአፓርትማው ነው፤ ተዋበች የተከራየችው ከበሩ ወዲያ ያለውን ነው። ስለዚህ ደረጃው ላይ መቀመጥ ይቻላል። ይቻላል?

ሄድኩ። እሷ ወንበር አውጥታ በሯ ላይ፣ እኔ ጥቂት ደረጃ ዝቅ ብዬ። እግሯ አብጧል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቫን መጥቶ ኩላሊቷን ለማሳጠብ ይወስዳታል፤ በማግስቱ ትንሽ ይሻላታል። ዛሬ ግን ብዙም አልተሻላትም።

"አትርገጪ ነው ያሉሽ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው በእጅሽ እየዳኽሽ ግቢያ!"

እስክንደክም ሳቅን። የታችኛው ቤት ሴትዮ በሯን ከፍታ አየችንና ራሷን ነቅንቃ ዘጋች።

ስመለስ ሳቁ ጠፋ። እግዚአብሔር በኪራይ ውል ነው የሚለካው? እዚህ ድረስ የተዋበች፣ ከዚህ ወዲህ የአፓርትማው... ይህን ማሰቤስ ራሱ ኃጢአት ይሆን?

ጥቅምት 14

ዛሬም ደረጃው ላይ። አንድ ደረጃ ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

የጽዮን ማርያም ቀን። ተዋበች ዳቦ ጋግራ ጠበቀችኝ። በዚያ እግሯ ቆማ መጋገሯ ይገርመኛል። ቆርሳ በሳህን ዘረጋችልኝ።

"የማርያም ናት። ቅመሺ።"

"አትብሉ" ተብሏል። ይህኛው እንደ ደረጃው መውጫ የለውም።

"አልበላም፣ ተዋቡ።"

"የማርያምን ዳቦ?"

"ታውቂያለሽ እኮ።"

ሳህኑን እንደዘረጋች ቆየች። ከዚያ ራሷ ቆርሳ ጎረሰች። "ጨው በዝቶበታል፤ እንኳን አልበላሽ" አለች።

ለእሷ ጨው ክልክል ነው። ዳቦው ጨው አልነካውም። እኔን ላለማሳፈር ነው የዋሸችው።

ዛሬ አንዳችን ታዘዝን፣ አንዳችን ዋሸን። እግዚአብሔር የተደሰተው በማናችን ነው? መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልዩ መኪናው ውስጥ ተቆጣችኝ።

"እማዬ፣ ሶ ተዋበች ብትታመም አትገቢም ማለት ነው?"

"ታማለች እኮ።"

"ኤግዛክትሊ!" መሪውን በመዳፏ መታችው። "ማለቴ... አንቺ ነሽ እኮ ለምን ብለሽ ጠይቂ እያልሽ ያሳደግሽኝ። ሒሳብ ስሠራ መልሱን ብቻ ባሳይሽ አትቀበይኝም ነበር፤ አሠራሩ የታለ ትያለሽ። አባ ሲናገሩ ግን አሠራሩ የታለ አትዪም።"

"ካህን ናቸው።"

"ሰውም ናቸው። ሰሞኑን ዳውንታውን ፓርክ አድርጌ ስወጣ የፓርኪንጉን ሒሳብ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው።"

"ፓርኪንግ መሥራት ነውር ነው?"

"እንደዛ አልወጣኝም! ጥሩ ሰው ናቸው። ጥሩ ሰው ይሳሳታል ነው የምልሽ። ኦኬ፣ ተይው።"

ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ።

ደሴ ሳስተምር ተማሪ ከጎኑ ሲገለብጥ ብይዝ፣ መልሱ ትክክል ቢሆንም ዜሮ እሰጥ ነበር። "ሌላ ሰው የሠራውን አላርምም፤ የራስህን አምጣ" እላለሁ። እኔስ? ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ፍርሃቱን... ከእናቴ ገለበጥኩ፤ እናቴ ከእናቷ። በራሴ የሠራሁት የትኛውን ነው?

ታኅሣሥ 7

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩ። ልቀደው አሰብኩ። አልቀደድኩም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ዝናቡ መሬት ሲነካ ወደ በረዶ ይለወጣል። መንገዱ ሁሉ በረዶ ነው፤ ልዩ ሥራ አልሄደችም። ተዋበች ትናንት ቫኑ ስላልመጣ ኩላሊቷን ሳትታጠብ ቀርታለች።

እኔ በመስኮቴ፣ እሷ በመስኮቷ፣ ሁለታችንም ስልክ ይዘን።

"ደረጃው መስታወት ሆኗል" አለች። "ዛሬ ብትመጪ አይቆጠርብሽም። ትንሸራተቻለሽ እንጂ አትረግጪም።"

ሳቅኩ። እሷ ግን በዚህኛው አልሳቀችም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

"የትምወርቅ ማታ ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች" አለች። የትምወርቅ ልጇ ናት፤ አረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው። "ልጄ ምን ታድርግ... ሰርኬ፣ አንቺ ቤቴ ቁጭ ብለሽ ስታዛጊ ማየት ናፈቀኝ።"

እጄን መስታወቱ ላይ አደረግኩ። አይታው እንደሆን እንጃ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

በረዶው ቀልጧል። ብርዱ ግን ደረጃ ላይ አያስቀምጥም፤ እሷም ወንበር ማውጣት አቅቷታል። አሁን የቀረን ስልክ ብቻ ነው።

ነገ አባን ግዝቱን ይፍቱልኝ ልበል? "ከእነሱ ጎን ነሽ" ቢሉኝስ?

ጥር 11፣ እሑድ

ዛሬ ጥምቀት ነው፤ ሰው ከቧቸዋል። አልጠየቅኩም። ሰው ስለከበባቸው ነው? አይደለም። ፈርቼ ነው።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ረገጥኩ።

ከምሳ በፊት ስልኩ ጮኸ። "ሰርኬ... መታጠቢያ ቤት ወድቄያለሁ። የትምወርቅ ዛሬ የሰው ሽፍት ይዛ ሥራ ቦታዋ ቀርታለች።" ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል።

በቤት ጫማዬ ወጣሁ። ፓርኪንጉን አቋረጥኩ፤ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ አልተቆለፈም። ገፋሁት፤ ተከፈተ።

ይህን መጻፍ አለብኝ። ቆምኩ። ጓደኛዬ ውስጥ ወድቃ ስትቃትት እየሰማሁ በሩ ላይ ቆምኩ። ምን ያህል? አላውቅም። አሜን ያልኩት ትዝ አለኝ፤ አያቴ ትዝ አለችኝ። እግሬ አልነሣም አለ። እግዚአብሔር ሰው ወድቆ እያለ እግርን ያስራል?

ከዚያ አንድ ነገር "ግቢ" አለኝ። ድምፅ አልነበረም። ተዋበችም አልተናገረችም። ገባሁ።

አንገቷን ክንዴ ላይ አስደግፌ፣ ስልኩን አንሥቼ ባለኝ እንግሊዝኛ "ኦልድ ሌዲ፣ ፎል" እያልኩ አምቡላንስ ጠራሁ። ተዋበች ዓይኗን ገለጠች። "የት ነው የረገጥሽው?" አለችኝ። በዚያ ሰዓት! ከደረጃው ስለማትታይ ከጥቅምት ወዲህ ያላየኋት የማርያም ሥዕል፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ እንደ ድሮው ተሰቅላለች። የኔ ቤት ካለችው ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ ክፈፏ ብቻ ይለያል።

ወሰዷት።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ተዋበች ሆስፒታል ናት። አጥንት አልተሰበረም፤ ልቧ ግን ደክሟል ይላሉ።

ልዩ ዛሬ አመሸች። መንገድ ተዘጋግቶ ነው አለች። በዚያ መሃል እኔ አእምሮዬን ስቼ ነበር፤ ቅጣቱ በልጄ መጣ ብዬ። በር ስትከፍት ተንበርክኬ አገኘችኝ። "እማዬ፣ ዋት ሃፕንድ?" ምንም አልኳት።

አንድ ሰው ስላነሣሁ ልጄን ይገድልብኛል ብዬ የማስበው አምላክ ማን ነው? ይህን ሁሉ ዘመን የጸለይኩት ለእሱ ነው?

የካቲት 2፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ግን አልገባሁም። የተገዘተ ሰው መቅደስ ገብቶ ምን ያደርጋል? ፓርኪንጉ ጥግ ቆሜ በድምፅ ማጉያው አስቀደስኩ። ከማኅበራችን አንዷ፣ ሐይማኖት የምትባለው፣ አይታኝ መጣች።

"ምነው እትዬ ሰርካዲስ፣ ብርድ ላይ?"

ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩት። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ የደነገጠች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው።

"ውይ እትዬ! እኔማ በሳምንቱ ነው እነሱ ቤት የሄድኩት። ማን ያልሄደ አለ? ቡናቸውን ጠጥተን፣ አባን አምተን ነው የምንመጣው።"

"አሜን ብለሽ የለ?"

"ሁሉም ሲል ምን ልበል?" ክንዴን ያዘችኝ። "እርስዎ እኮ አስተማሪ ስለሆኑ ነው። እንዲህ ቃል በቃል አይያዝም።"

ቃል በቃል ካልተያዘ ለምን ይነገራል? ደግሞስ... ሁሉም ይገቡ ነበር። ተዋበች በሯ ላይ ወንበር ያወጣችው ለእኔ ብቻ ነበር። ይህንንም አልነገረችኝም።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ከልዩ ጋር ዳውንታውን ሄድኩ። አባ ኃይለ መስቀል ፓርኪንጉ መውጫ ላይ፣ በመስታወት ክፍላቸው ውስጥ ናቸው። የኩባንያው ኮፍያ አናታቸው ላይ፣ ዳዊታቸው ከገንዘብ ማሽኑ አጠገብ። በትንሿ መስኮት ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ።

"ወለተ ሥላሴ! በደኅና ነው?" በክርስትና ስሜ ነው የሚጠሩኝ።

"አባቴ፣ ግዝትዎን አፍርሻለሁ።"

"የቱን ግዝት?"

መኪና መጣ። "ቆዪኝ" አሉ። ትኬቱን ተቀበሉ፣ መልስ ቆጥረው ሰጡ፣ "ሀቭ ኤ ናይስ ደይ" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ጥቅምት ላይ... ቤታቸውን አትርገጡ ያሉትን።"

አሰቡ። እውነተኛ ማሰብ ነው፤ ተማሪ ያልያዘውን ነገር ሲፈልግ አውቃለሁ። ቆይቶ ፊታቸው በራ።

"እሱን! ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ሰዉ ተከትሏቸው እንዳያልቅ ለማስፈራት ነው። እኔ ራሴ እኮ ከገና ወዲህ ክርስትና ጠርተውኝ አብሬያቸው በልቻለሁ።"

ሌላ መኪና። ቆምኩ። ጢሱ ፊቴ ላይ።

"እኔ ግን ጠብቄው ነበር፣ አባቴ" አልኩ። "ታማ ሳለ አልገባሁም። የጋገረችውን አልቀመስኩም።"

ደነገጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "አይ ልጄ... ልጄ... ለምን አልጠየቅሽኝም?" ከኪሳቸው መስቀል አውጥተው በመስኮቷ ግንባሬን ነኩ። "እግዚአብሔር ይፍታሽ።" የኋላው መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

ክፉ ሰው አይደሉም። እንባቸው መጥቶ ነበር። ግን አልቀለለኝም። ግዝቱ እነዚህን ወራት ሁሉ የት ነበር? እሳቸው ጋ አልነበረም፤ ረስተውታል። ሰማይ ላይ ነበር? አንድ ሰው ተናዶ የተናገረውን ሰማይ ጽፎ ይይዛል? እኔ ጋ ብቻ ነበር። እኔ ነኝ ስጠብቀው የኖርኩት።

ሌላስ? ምን ያህል ነገር ብቻዬን ይዤ ይሆን፣ ባለቤቱ የረሳውን?

የካቲት 5

"ለምን አልጠየቅሽኝም" አሉ። በዚህ ልክ ናቸው።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ተዋበችን ወደ ቤት መለሷት። ልቧ እጥበቱን አልቻለውም፤ ከእንግዲህ ማሽን የለም። ሐኪሙ ለየትምወርቅ "ቀናት ነው" ብሏታል። ተዋበችም ታውቃለች።

ቀኑን ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲደክመኝ አዛጋሁ። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

የካቲት 9፣ እሑድ

ቅዳሴ አልሄድኩም። ታምሜ ሳይሆን፣ አስቤበት መቅረቴ የመጀመሪያዬ ነው። ልዩ ቁልፏን ይዛ ጠበቀችኝ፤ "ሂጂ፣ እኔ ተዋበች ጋ ነኝ" አልኳት። አየችኝና ቁልፉን አስቀመጠች። ሾርባ ሠርታ አመጣችልን።

የተዋበችን ጸጉር አበጠርኩ። እጄን ያዘችው።

"ሰርኬ፣ አንቺ የማታውቂውን አታስተምሪም፣ አይደል?"

"አላስተምርም ነበር።"

"እንግዲያው ንገሪኝ። ወዴት ነው የምሄደው?"

"ቄሱስ ምን አሉሽ?"

"የሂውስተኑ በስልክ ገነት አሉኝ። ታዲዮስ ገነት አለኝ። ነርሷ እንኳ እንደዚያው። ሁሉም አድራሻውን ከነዚፕ ኮዱ ያውቁታል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "የሚያውቁ አይመስለኝም። እንዳልፈራ ነው። አንቺ አላውቅም ብትዪኝ አምንሻለሁ፤ አውቃለሁ ብትዪኝም አምንሻለሁ።"

አላውቅም ልል ነበር። አልወጣልኝም። ገነትም ልል አልቻልኩም። "ጊዜ ስጪኝ" አልኳት።

"ለመምህርም ጊዜ ይሰጣል?" በዓይኗ ሳቀች። "ቶሎ በይ እንጂ ታዲያ።"

የካቲት 10፣ ሰኞ

ዳዊቴን ገለጥኩ። አልሆነም። ዘጋሁት።

ያለ መጽሐፍ አናግሬህ አላውቅም፣ ጌታዬ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው በጻፈው ነው የማናግርህ፤ በግዕዝ፣ ግማሹ ሳይገባኝ። ዛሬ በራሴ ነው። ቃሉ ቢያንስብኝ አትቀየመኝ። ሌላ ቦታ ስለማላውቅ እዚሁ እጽፍልሃለሁ።

የማውቀውን ልንገርህ፣ አሠራሩን ጭምር። ጥር ውስጥ የተዋበች በር ላይ ቆሜ ነበር። ካህን አልፈታኝም ነበር። ግቢ የሚል ነገር መጣ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ከእኔ አይወጣም። ከግዝቱም አይደለም፤ ግዝቱ ተመለሺ ነው የሚለው። ስለዚህ አንተ ነህ ብያለሁ። ይህ ግምት ነው፤ ማረጋገጫ የለኝም። ግን ከማንም አልገለበጥኩትም።

ቤተ ክርስቲያን መሄዴን እተዋለሁ? አይመስለኝም። ዜማው ያሳርፈኛል፤ ሰዎቹም የኔው ናቸው። ሰው በስምህ በር ሲዘጋ ግን ከእንግዲህ አሜን አልልም። ያስቀይምሃል? ድሮ ቢሆን ይህን ጽፌ እቀደው ነበር። አሁንም ትንሽ ያስፈራኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዋ። የገመትኩት ይህን ነው፤ ያን ቀን ግቢ ያልከኝ አንተ ከሆንክ፣ እሷንም ስትመጣ ከየትኛው ወገን ነሽ፣ በማን መኪና መጣሽ ሳትል ግቢ ትላታለህ። እንዲህ ልበላት? ለልጆች እንኳ ያላረጋገጥኩትን አላስተምርም ነበር፤ ለእሷ እንዴት ግምት ልስጣት? ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም። የትምወርቅ አሁን ደውላ፣ "እማዬ 'ሰርኬ መልሱን አገኘች ወይ?' ትላለች" አለችኝ። እየመጣሁ ነው ብያለሁ።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ፓርኪንጉን እስካቋርጥ ነው ያለኝ ጊዜ። ልክ ከሆንኩ በፈለግከው መንገድ አስታውቀኝ፤ ከተሳሳትኩም አርመኝ። ብቻ እባክህ፣ እሷ ሳትሄድ፣ ቶሎ መልስልኝ።